«ሐራም ነው» ወይስ «እንጀራ አይሆንም»?



የዛሬው ጽሑፌ ለወላጆች ነው። በተለይም ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ «ምን ላጥና?» ብሎ ለሚጠይቃቸው አባቶችና እናቶች ነው። ጠንከር ያለ ቃል ካመለጠኝ አስቀድሜ ዐውፍ በሉኝ እላለሁ። ከምወቅሳቸው ሰዎች መካከል አንዱ እኔው ራሴ ስለሆንኩ ግን አድልዎ አለበት አትሉኝም።

ባለፈው ክረምት እህቴ «ወንድም ዓለም፣ ድረስልኝ» ብላ ደባርቅ ጠራችኝ። እኔ የምኖረው ዳባት ነው፤ መንገዱ ሩቅ ስላልሆነ የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ሄድኩ። የተጠራሁት ለሽምግልና ነበር። የተጣሉት ግን ባልና ሚስት ሳይሆኑ አባትና ልጅ ናቸው። ልጁ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፏል፤ አዲስ አበባ ሄጄ ሥዕል ልማር ይላል። አባቱ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ብሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ ቆይተዋል።

ቤቱ ከከተማው ዳር ነው። የእህቴ ባል ወገኖች የግጭ ሰዎች ናቸው። ግጭን የማታውቁ ካላችሁ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረች የሙስሊሞች መንደር ናት። ሰዉ ገብስ እየዘራና በግ እያረባ ይኖርባት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦት፣ በ1996 ደግሞ «አደጋ ላይ ያለ» ብሎት የነበረውን ፓርክ በ2017 ከአደጋው መዝገብ አወጣው። ዋልያው ተረፈ ተብሎ ተደሰትን፤ መደሰታችንም ተገቢ ነው። ወደ ግጭ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጥን። ዱዓ ተደረገ፣ ቡናው ቀረበ። አባትየው ነገሩን ሲከፍት እንዲህ አለ፦ «ይህ ልጅ አላህ ያልፈቀደውን ልማር ይላል። ሥዕል ሐራም መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው መጣ። በረካው ላይ ስንደርስ ግን ወሬው መልኩን ቀየረ። አንዱ ሽማግሌ «ለመሆኑ ሥዕል ምን ያበላል?» አሉ። ሌላው «ሠዓሊ ቤት ሲሠራ ያየ አለ?» ሲሉ ጨመሩ። አባትየውም «የጎረቤቴ ልጅ አካውንቲንግ ተምሮ ባንክ ገብቷል፤ የኔው ደግሞ ቀለም ይዞ ሊዞር ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ መግሪብ አዛን ድረስ የተነገረው ሁሉ ስለ ደመወዝ ነበር። ሐራም የሚለው ቃል ተመልሶ አልተነሳም።

ወላጆች ሆይ! የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው። ልጆቻችሁን ከዚህ ትምህርት የምትከለክሉት አላህን ፈርታችሁ ነው ወይስ ድህነትን ፈርታችሁ? አላህን መፍራት ዒባዳ ነው። ድህነትን መፍራትም የአባት ባሕርይ ነው፤ ማንም አይነቅፍበትም። የሚነቀፈው አንደኛውን ፍርሃት የሌላኛውን ልብስ አልብሶ በልጅ ፊት ማቆም ነው። «ይህ ሙያ ያስርብሃል ብዬ ሰጋሁ» ብሎ መናገር የሚከብደው አባት «አላህ ከልክሏል» ይላል፤ ልጁም አፉ ይዘጋል። ክርክሩ በአንድ ቃል አለቀ ማለት ነው። ነገር ግን ልጆች ሞኞች አይደሉም። ሐራም የተባለው ነገር በበረካው ላይ የደመወዝ ጉዳይ ሆኖ ሲገለጥ ይሰማሉ። ነገ አራጣ ሐራም ነው፣ ጉቦ ሐራም ነው ስትሉት ያንን ቃል በምን ሚዛን እንደሚመዝነው አስባችኋል?

እስቲ በዚያ ቀን የተቀመጥንበትን ቤት ላሳያችሁ። በግድግዳው ላይ የሟቹ አያት ፎቶግራፍ በመስታወት ክፈፍ ተሰቅሏል። የበሩ መጋረጃ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ አለበት። (መጋረጃውን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ ከቻይና የሚመጣ ነው፣ በደንብ ይሸጣል።) በቴሌቪዥኑ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ድምፁ ተቀንሶ ይታያል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሥጋ ቤት አላቸው፤ የሥጋ ቤታቸው በር ላይ አንድ የሰባ በሬ ተስሏል፣ አጠገቡ «ሐላል» ተብሎ ተጽፏል። ያንን በሬ የሳለው የሰፈራችን ወጣት ነው፤ ገንዘቡን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው ልጁን ሥዕል ሐራም ነው ያሉት! ስለ በሬው ብጠይቃቸው «እሱማ ለንግድ ነው» አሉኝ። ልጁስ ለምን መሰላቸው?

ይህን የማነሳው ሰዎቹን ለማሳፈር አይደለም፤ ሁላችንም ያው ነን። ነገሩ ሐራም ከሆነ ሐራምነቱ ከመጋረጃው ይጀምራል፤ ከሱቄም ይጀምራል። ከልጁ ደብተር ብቻ የሚጀምር ሐራም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ በልጅነቴ ሉህ ይዤ ከሼሆች እግር ሥር የተቀመጥኩ ነጋዴ ነኝ። ፈትዋ አልሰጥም። ነገር ግን ማንም ሙስሊም ሊያውቃቸው የሚገቡ የታወቁ ሐዲሶች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምስል ሠሪዎች በዕለተ ትንሣኤ የሠሩትን ሕያው እንዲያደርጉ ተጠይቀው እንደሚቀጡ አስጠንቅቀዋል። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ዘመኑ ተለውጧል» ብሎ በእጅ የሚገፋውም ነገር አይደለም። ሥዕል መማር የሚፈልጉ ወጣቶቻችን ይህንን ሐዲስ ሳያውቁ ወደ ቀለሙ ከሄዱ ጥፋቱ የኛ ነው።

ሆኖም ያው ቡኻሪ የዘገበው ሌላ ነገር አለ። አንድ ሰው ወደ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) መጣ። ኑሮው በእጁ ሥራ እንደሆነ፣ ምስሎችን እየሠራ እንደሚኖር ነገራቸው። ኢብን ዐባስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ነገሩት። ሰውየው በድንጋጤ ፊቱ ገረጣ። ኢብን ዐባስ ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ከፊታቸው አላባረሩትም፤ ሂድና ሌላ ሙያ ፈልግ አላሉትም። ይህን ሥራ የግድ የምትሠራ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሥራ ብለው በር ከፈቱለት።

ወላጆች ሆይ! ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት። የቁርአን ተርጓሚ የተባሉት ታላቁ ሰሓባ አንድ ሰው ስለ እንጀራው ሲጠይቃቸው ሕጉንም ነገሩት፣ መውጫውንም አሳዩት። እኛ ግን የመጀመሪያውን እንናገርና በሩን ዘግተን እንነሳለን። «ዛፍ» የተባለውን ደግሞ እናንተ የደባርቅና የዳባት ሰዎች ከማንም በላይ ልትረዱት ይገባል። ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ያለውን አገር አላያችሁትም? ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው፣ በኢሜት ጎጎ በኩል ቁልቁል የሚያዞረው ገደል፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ጠዋት ከቆላው የሚነሳው ደመና! አንድ ሠዓሊ ዕድሜ ልኩን አንድ ነፍስ ያለው ፍጡር ሳይስል ይህንን ብቻ ሲስል ቢኖር ይጨርሰዋል?

ኡለማዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ የጥንት ሙስሊም መሪዎችም ያውቁ ነበር። በደማስቆ የሚገኘው የኡመያ መስጊድ በከሊፋው በአል-ወሊድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ715 ገደማ የተጠናቀቀ ነው። ግድግዳው በትንንሽ ባለቀለም ጠጠሮች ያጌጠ ነው። ምን እንደተሳለበት ታውቃላችሁ? ታላላቅ ዛፎች፣ ወንዝ፣ ድልድዮች፣ ቤቶች። ሰው የለም፣ እንስሳም የለም። ከ1,300 ዓመት በኋላ ዛሬም ሰው ቆሞ ያየዋል። ያንን የሠሩ እጆች በዘመናቸው ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር፤ «ሥዕል ምን ያበላል?» ያላቸው ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ መስጊዱ ባዶ ግድግዳ ይሆን ነበር።

ስለ ሐበሻም የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ወደዚህች አገር ከተሰደዱት የሰሓባ ሴቶች መካከል ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። በሐበሻ ያዩትን ሥዕሎች ያሉበት ቤተ ክርስቲያን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲገልጹላቸው፣ እሳቸው የነቀፉት ደግ ሰው ሲሞት በመቃብሩ ላይ የአምልኮ ቦታ እየሠሩ በውስጡ ምስል ማኖርን ነበር። ይህም ሐዲስ በሁለቱ ሶሒሖች ውስጥ አለ። እንግዲህ የክልከላው ሥር ከምን ጋር እንደተያያዘ አስተውሉ። ከሺርክ በር ጋር ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ምስል ያለበትን መጋረጃ ሰቅለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቆጡ፣ ጨርቁ ተቀዶ መደገፊያ ተደረገ፤ ሲረገጥና ሲደገፉበት ክብሩ ቀረ። በልጅነታቸው የሚጫወቱባቸው አሻንጉሊቶች ደግሞ አልተከለከሉም። ኡለማዎች ከዚህ ሁሉ ተነስተው ብዙ ተናግረዋል። አብዛኞቹ ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል በማንኛውም መልኩ አይፈቀድም ብለዋል፤ ከማሊኪያዎች ዘንድ ጥላ ባለው ሐውልትና ጥላ በሌለው ሥዕል መካከል የለዩ አሉ። ፎቶግራፍ ሲመጣ የግብጹ ሙፍቲ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ይፈቀዳል ብለው ጽፈዋል፤ ሌሎች ተቃውመዋቸዋል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳን አንድ ነገር ነው፤ ጉዳዩ ዓሊም የሚጠየቅበት ነው። በቡና ላይ ራስ በመነቅነቅ የሚያልቅ አይደለም።

ለወጣቶቹም የምለው አለኝ፤ አባቶችን ብቻ ብቆጣ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስትገቡ የሰውን አካል እያዩ መንደፍ የትምህርቱ አካል ነው። በብዙ የዓለም የሥዕል ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። ይህንን ከአባታችሁ ደብቃችሁ አትሂዱ። በቅርፃ ቅርፅ ክፍል ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሙስሊም ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ድንበሩን ማወቅ፣ ከገባም በኋላ ለመምህሩ በጨዋ ደንብ መናገር አለበት። መምህሩ ባይቀበለውስ? ያኔ ዋጋ መክፈል ይመጣል። ዲን ያለው ሰው በባንክም፣ በጤናም፣ በንግድም ውስጥ ዋጋ ይከፍላል፤ ያ አካውንቲንግ ተምሮ ባንክ ገባ የተባለው ልጅ በወለድ ሒሳብ ፊት ሲቀመጥ ማንም ለሽምግልና አልጠራንም። ይህን ስናገር እህቴ ባል ፊት ትንሽ ጠቆረ፤ እውነት ስለሆነ ግን ዝም አለ።

አሁን ወደ እንጀራው ልመለስ። የእንጀራውን ነገር የምንቅ እንዳይመስላችሁ፤ ነጋዴ ነኝ።

በአገራችን ይህ ትምህርት እንዴት እንደተጀመረ የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሥዕል ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ዛሬ የሚጠራውም በእሳቸው ስም ነው። ቀለም ቅብ አለ፣ ቅርፃ ቅርፅ አለ፣ የህትመት ጥበብ አለ፣ የኢንዱስትሪ ንድፍ አለ። ለመግባት የአገር አቀፉ ፈተና ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው እርሳስ ይዞ ተቀምጦ እጁን ይፈተናል። የጎበዝ ልጅ አባት በዚህ ሊኮራ ሲገባው ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

«ይህ የቄስ ልጆች ሙያ ነው» የሚለኝ ሰው ዳባት ውስጥ አለ። ግማሽ እውነት አለው። ክርስቲያን ወገኖቻችን ለዘመናት ቤተ ክርስቲያን የሚስሉበት ግድግዳ ስለነበራቸው ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ያውቀዋል። ዘመናዊ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር የተወለዱ ሲሆን አባታቸውም የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ነገር ግን በደርግ ዘመን ያንን ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩት ሰው ማን እንደሚባሉ ታውቃላችሁ? አብዱራህማን ሸሪፍ ይባላሉ! በጀርመን አገር የተማሩ ሠዓሊ ናቸው። ስማቸውን ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው «እውነትህን ነው?» አሉኝ። እውነቴን ነው።

ደግሞስ እኛ ባዶ እጃችንን ነበርን? ሐረር ሂዱና እዩ። በእጅ የተጻፉ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ያጌጡ፣ በቆዳ የተጠረዙ ቁርአኖች አሉ። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ ሰው በገዛ ድካማቸው የሰበሰቧቸውና በሙዚየም ያስቀመጧቸው በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ የጠፋውን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ራሳቸው ተምረው ለሌሎች አስተምረዋል። ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው። ርስት የተከለከሉት አባቶቻችን በምን ኖሩ? በንግድና በሽመና ኖሩ። መሬቱን ቢከለክሏቸው እጃቸው አበላቸው። የዛሬዎቹ ልጆቻቸው ግን የእጅ ሥራን «የማያበላ» እያልን እንንቃለን። እኔ በሱቄ የምሸጠው ጨርቅ ላይ ያለውን አበባ የነደፈው ማን ይመስላችኋል? በአንድ ሩቅ አገር ሥዕል የተማረ ሰው ነው። እየከፈልነው ነው፤ ከዳባት ኪስ ወጥቶ እየሄደለት ነው።

ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ሁላችሁም በስም ታውቋቸዋላችሁ፤ በ2004 ዓ.ም. ነው ያረፉት። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። መንግሥት መሐንዲስ ፈልጎ ላከ፤ የመጣለት ግን ሠዓሊ ነው። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የባለቀለም መስታወት ሥራ የእሳቸው ነው። መሐንዲስ ሁን ተብሎ ቢገደድ ኖሮ አንድ መካከለኛ መሐንዲስ እናገኝ ነበር። ዛሬ በየቤታችን ስንት መካከለኛ አካውንታንት በግድ እያሳደግን ነው?

እንዳታለልኳችሁ እንዳይመስላችሁ የሙያውን ክፉ ጎንም ልናገር። ሥዕል ሸጦ ብቻ የሚኖር ሰው በኢትዮጵያ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ተመራቂዎች ያስተምራሉ፣ ማስታወቂያና መጽሐፍ ይነድፋሉ፣ ለቴሌቪዥን ይሠራሉ፤ በትርፍ ሰዓታቸው ይስላሉ። ቀለምና ሸራ ውድ ነው። ደባርቅም ብትሆን ፈረንጅ ጎብኚ ሲመጣ የምትበላ፣ ሲቀር የምትራብ ከተማ ናት፤ ወረርሽኙም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ጦርነትም ምን እንዳደረጋት ለናንተ አልነግራችሁም። ይህ ሁሉ አባትን ሊያሰጋ ይገባል። ሆኖም ስጋቱን በስሙ ጥሩት። ልጁን አስቀምጡና «በምን ልትኖር አስበሃል? የኢንዱስትሪ ንድፉን ብትመርጥስ? መምህርነቱንስ?» በሉት። ይህ የአባት ወግ ነው። ልጁም መልስ ይኖረዋል፤ ባይኖረው ሄዶ ይፈልጋል። ሐራም ብላችሁ ስታፍኑት ግን የሚፈልገው ነገር አይኖረውም፤ ከቤት የሚወጣበትን መንገድ ብቻ ይፈልጋል። ከዚህ ከሰሜን ምድር በመተማ በኩል ስንቱ እንደወጣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ደግሞም አስታውሱ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900,000 ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 ከመቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ወንፊት ያለፈ ልጅ «ይህን ልማር» ሲል ቢያንስ አንድ ሰዓት ሊደመጥ አይገባውም?

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። መግሪብ ሰግደን ስንመለስ ልጁን ጠራነው። ደብተሩን ይዞ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ነበርኩ የተቀበልኩት። ገለጥ ሳደርግ በእርሳስ የተነደፉ ቤቶች አየሁ፤ ክብ የሣር ቤቶች፣ የድንጋይ ካብ፣ በዳገቱ ላይ እርከን እርከን የገብስ ማሳ፣ ከበስተኋላ ገደሉ። አንድም ሰው የለበትም፣ አንድም በግ የለበትም። «ይህ የት ነው?» አልኩት። «ግጭ ነው አጎቴ» አለኝ። እሱ ከዚያ ሲወርዱ ሕፃን ነበር፤ ብዙ አያስታውስም። ከአያቱ እየጠየቀ ነው የሳለው።

አያቱ ከጓዳ ነበሩ። ሰፌድና መሶብ በመስፋት የታወቁ ሴት ናቸው፤ አክርማና ስንደዶ ሳያስቀምጡ አይውሉም። በዚያች በሚሰፏት ነገር ላይ ያለውን የቀለም አሰላለፍ ያየ ሰው ልጁ ከማን እንደተማረ አይጠይቅም። ደብተሩን አመጣንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው አንዱን ቤት ነክተው «የኛ በር ወደ ቂብላ ነበር፤ ይሄ ዞሯል። አስተካክለው» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም፤ ደብተሩን መልሰው ስፌታቸውን ያዙ።

ያች መንደር ዛሬ የለችም። ፈረንጆች ፎቶግራፍ አንስተዋታል፤ ፎቶግራፎቹ በፈረንጅ አገር ናቸው። በደባርቅ ካሉት የግጭ ሰዎች ቤት ውስጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያየኋትም ሐራም ተብሎ ሊቀደድ በነበረ ደብተር ላይ ነው። እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር፤ አልረሳውም።

ሽማግሌዎቹ ከተነሱ በኋላ አባትየውን ከደጅ አገኘሁት። «ዓሊም ጠይቄ እወስናለሁ» አለኝ። ጥሩ ነው አልኩት። «ግን ምን ብለህ ነው የምትጠይቃቸው? ስለ ሐራሙ ነው ወይስ ስለ ደመወዙ?» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሁለቱንም ለየብቻ ጻፍልኝ፤ እንዳልቀላቅላቸው» አለኝ።

በሱቄ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። በአንድ በኩል ነፍስ ያለውንና የሌለውን ስለመሳል፣ አካል ስለመንደፍ፣ ስለ ቅርፃ ቅርፁ ሦስት ጥያቄ አለ። የደመወዙን ጥያቄ ለብቻው በሌላ ወረቀት ጻፍኩና «ይህን ለሼሁ አታሳያቸው፤ ለልጅህ አሳየው» አልኩት። ሁለቱንም አጥፎ ከኪሱ ከተተ። ከጁምዓ በኋላ ጎንደር ለመሄድ ቀጠሮ ይዟል፤ ልጁም አብሮት ይሄዳል።